ይቅር ያለ ሰው ካሳ ይጠይቃልን?



በመኪና ተገጭቶ አካሉ የጎደለ፣ ወይም አባቱን፣ ሚስቱን፣ ልጁን በአደጋ የቀበረ ክርስቲያን፣ አደጋውን ያደረሰበትን ሰው ከልቡ ይቅር ካለ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ካሳ ቢጠይቅ ይቅርታውን መልሶ ነጠቀ ማለት ነውን? ይህ በየቁምስናው ካቴኪስቶች፣ የዕድር መሪዎችና የማኅበር እናቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። መልሱም አንድ ቤተሰብ የሚቀጥለውን ዓመት የቤት ኪራይ ይከፍል እንደ ሆነ፣ አንድ ልጅ ትምህርቱን ይጨርስ እንደ ሆነ የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ «ይቅር በሉ» ብለን ከማስተማራችን ጋር፣ ይቅር የሚል ሰው የሚተወው ምን እንደ ሆነ፣ የማይተወውም ምን እንደ ሆነ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

ነገሩን ከሚደርስበት ስፍራ ሳንለይ እንመልከተው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ እነዚህ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ነዋሪዎቻቸውን ወደ ዋናው ከተማ ይልካሉ፤ ሲመሽም መልሰው ይቀበላሉ። የቤት ኪራይ ወደ ዳር ገፍቶ ያወጣው ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ጉሊት ነጋዴና የቀን ሠራተኛ በሚኒባስ፣ በአውቶቡስ፣ በፋብሪካ ሰርቪስ ይጓዛል። የሚጓዝባቸው የአምቦ፣ የጅማ፣ የጎጃም፣ የደብረ ብርሃንና የአዳማ መንገዶች ደግሞ ከባድ የጭነት መኪና የሚወርድባቸው የአገር መውጫ በሮች ናቸው። እግረኛውና ባለ ከባዱ መኪና በአንድ አስፋልት፣ በአንድ ጨለማ ይገናኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ። ከሟቾቹ አሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችንም ፖሊስ በየዓመቱ የሚመዘግበው ሞት በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ዳር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። የምተርከው የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም፤ በየጊዜው ከሚሰማው ሁሉ የተውጣጣ ምሳሌ ነው። ይህች እናት አትክልት አምጥታ በጉሊት የምትሸጥ፣ ሦስት ልጆች ያላት ናት። አንድ ማለዳ መንገድ ስታቋርጥ ሚኒባስ ይገጫትና እግሯ ሁለት ቦታ ይሰበራል። ባለ መኪናው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐኪም ቤት ድረስ ያመጣታል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ ብርቱካን ይዞ ይጠይቃታል። በሦስተኛው ቀን ግን ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው የገዛ ጎረቤቷ ነው። «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው እንጂ ማን ይፈልገዋል፤ ሹፌሩም የልጆች አባት ነው፤ ታስሮ እያለቀሰ ነው» ይሏታል። ሃያ ሺህ ብር አልጋው ላይ ይቀመጣል። አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀትም ይወጣል፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። እርሷም ታለቅሳለች፣ ይቅር ትላለች፣ በጣቷ ትፈርማለች። ሽማግሌዎቹ መርቀው ይወጣሉ።

በአራተኛው ወር እግሯ ውስጥ የገባው ብረት ያመረቅዛል። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ጉሊቱን ሌላ ሰው ይዞታል። ታላቂቱ ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ ቆሎ መሸጥ ጀመረች። እናቲቱ ባለ መኪናውን እንደገና ለመጠየቅ ስታስብ ይሉኝታ ያዛት፤ የደፈረች ቀን ደግሞ «ታርቀሽ አልነበረም እንዴ?» የሚል መልስ ጠበቃት።

ይቅርታዋ እውነተኛ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ በዚያ አልጋ አጠገብ በአንድ ጣት አሻራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተፈጽመዋል። አንደኛው የልብ ነው፤ ቂምን መተው፣ በሹፌሩ ላይ ክፉ አለመመኘት፣ እርሱን እንደ ወንድም ማየት ነው። ይህን ማንም ሊከለክላት አይችልም፤ ማንም ሊገዛትም አይችልም። ሁለተኛው የንብረት ነው፤ ገና ያልታወቀ የሕክምና ወጪን፣ ገና ያልተቆጠረ የሥራ ቀንን፣ የሦስት ልጆችን እንጀራ በሃያ ሺህ ብር መለወጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን በአንድ ቃል «እርቅ» ብለው ጠሩት፤ መከራው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ካሳ የሚለው ቃል ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። የድኅነታችንን ምሥጢር ስንናገር ጌታችን ስለ በደላችን ካሰልን እንላለን እንጂ በደሉ እንዳልነበረ ቆጠረው አንልም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ደግሞ፣ ሰውን መትቶ አልጋ ላይ ያስተኛ ሰው፣ የተመታው ተነሥቶ በምርኩዝ ቢሄድ እንኳ፣ ሥራ የፈታበትን ዘመን እንዲከፍልና እስኪድን እንዲያሳክመው ታዝዟል። ዛሬ የሕግ ሰዎች የሕክምና ወጪና የተቋረጠ ገቢ ብለው ለይተው የሚጽፉት በሙሴ ዘመን አስቀድሞ ተለይቶ ነበር ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ በሬው ተዋጊ እንደ ሆነ ተነግሮት ያላሰረው ባለቤትና ጉድጓድ ቆፍሮ ያልከደነ ሰው ተጠያቂ ይሆናሉ። ፍሬኑ ያለቀ መኪና ወደ መንገድ የሚያወጣ ባለ ንብረት ራሱን እዚያ ውስጥ ቢፈልግ አያጣውም። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ሲቀበል መጀመሪያ የተናገረው ስለ መመለስ ነበር፤ ይቅርታን ማግኘቱ ከዕዳው ነጻ እንዳደረገው አላሰበም።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሰቱ ስለ መመለስ ሲያስተምር ለእኛ ጥያቄ በጣም የቀረበ ነገር አንሥቷል። የሰውን አካል ያጎደለ ሰው ያንኑ አካል መልሶ ሊሰጥ አይችልም፤ ታዲያ የማይቻል ነገር ግዴታ ይሆናልን? የቅዱስ ቶማስ መልስ፣ እኩሉን መመለስ ባይቻል የሚቻለው ይመለስ የሚል ነው፤ ይኸውም በገንዘብ ወይም በክብር፣ የሁለቱንም ወገኖች ሁኔታ አይቶ በሚፈርድ ቅን ሰው ግምት። ሹፌሩ እግሯን ሊመልስላት አይችልም፤ ነገር ግን እግሩን መመለስ አለመቻሉ ሌላውን ሁሉ ላለመመለስ ምክንያት አይሆነውም።

ከዚህ የሚከብደው የሞት ጉዳይ ነው። ልጃቸውን በአደጋ ያጡ ወላጆች «የልጄን ደም አልሸጥም» ሲሉ ያልሰማ የለም። ይህ ንግግር ትልቅ ክብር አለው፤ የሰው ሕይወት ዋጋ እንደማይወጣለት የሚመሰክር ነውና በችኮላ ልንነቅፈው አይገባም። ሆኖም የአገራችን ሕግም ቢሆን ደም እንደማይገዛ ያወቀ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ለኀዘን፣ ማለትም ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በጊዜው ብሩ ከዛሬው እጅግ ቢበልጥም፣ የአንድ ልጅ ዋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ግን በዚያን ዘመንም አልነበረም። በሌላ በኩል ያው ሕግ በአንቀጽ 2095 የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በሟቹ ሞት ያጡትን መተዳደሪያ በራሳቸው ስም እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሕጉ እንባውን ለብቻ፣ እንጀራውን ለብቻ አስቀምጦታል። አባት ስለ እንባው የሚመጣውን ገንዘብ አልነካም ቢል ማንም አይፈርድበትም። ሟቹ ያስተምራቸው የነበሩትን ሕፃናት እንጀራ ግን አብሮ አልነካም ቢል፣ የእርሱ ያልሆነውን መስጠቱ ነው።

«ቅዱስ ጳውሎስስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች ፍርድ ቤት በመካሰሳቸው አልገሠጻቸውምን?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ገሥጿቸዋል፤ በደልን መታገሥ እንደሚሻልም ነግሯቸዋል። ነገር ግን በዚያው ስፍራ በወንድማማቾች መካከል የሚያስታርቅ አንድ አስተዋይ ሰው ጠፍቶ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ደግሞ ሽምግልና ነው፤ ሽምግልናን የሚነቅፍ ክርስቲያን አላውቅም። በተጨማሪም ያው ሐዋርያ ያለ ፍርድ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊነቱን ተናግሯል፤ ፍርድ ሲጓደልበትም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ቂም ይዞ እንደ ነበር ግን ማንም አይናገርም። አገራችንም ከጥንት ጀምሮ ሕግንና እርቅን እንደ ጠላት አላየችም። በአደባባይ ሲደባደቡ የነበሩ ሰዎች መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ሲል እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። በሸገር ዙሪያ ባለው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው የጉማ ሥርዓትም ሰው ከሞተ በኋላ ሁለቱን ወገኖች ያስታርቃል፤ በውስጡ ግን ካሳ አለበት። እርቁን ፈልገው ካሳውን የሚያስቀሩ ሽማግሌዎች ባህሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ጥለውታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጥፋቱ ከሽምግልናው አይደለም። ሽማግሌዎቹን የመረጠው አንደኛው ወገን ብቻ መሆኑ፣ ጉዳቱ ሳይታወቅ በሦስተኛው ቀን መምጣታቸው፣ ወረቀቱም በሌላ ቤት ተጽፎ መቅረቡ ነው የሚያሳዝነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ የሕግ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት፣ ባለጉዳዮች ክርክራቸውን በስምምነት ሲጨርሱ የተፈራረሙት ውል በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፤ «መብቴን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት» ማለትም በቂ መቃወሚያ አይሆንም። ያች እናት አልጋዋ ላይ ሆና የፈረመችው እንግዲህ ፍርድ ነበር፤ ዳኛ ሳይኖር፣ ሐኪም ሳይጠየቅ፣ እርሷም ሳትሰማ የተሰጠ ፍርድ።

ካቴኪስት ጠበቃ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ሆኖም ለአንድ ቤተሰብ በጊዜው ቢነገሩ ብዙ የሚያድኑ ጥቂት ነገሮች አሉ። በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ተጠያቂ ነው፤ ስለዚህ ሹፌሩ ደሃ መሆኑ ነገሩን አይዘጋውም። በአንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ዘመን ያለው ወንጀል ከሆነ ግን የዚያኛው ዘመን ይሠራል። ኀዘኑ እስኪበርድ እያሉ መጠበቅ በራሱ መብትን ሊያሳጣ ይችላል ማለት ነው። የወንጀሉ ክስ በሚታይበት ችሎት ተጎጂው ካሳውን አብሮ እንዲታይለት ማመልከት እንደሚችል የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 ይፈቅዳል።

ከሁሉ በላይ ሰው የማያውቀው የመድኑ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ አቋቁሟል። አዋጁ ሲወጣ መድን ሰጪው ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር እንዲከፍል ወስኖ ነበር። የገንዘቡ ልክ ሊሻሻል ስለሚችል በወቅቱ ያለውን ጠይቆ ማወቅ ይበጃል። ከዚያ የሚበልጠውን ጉዳት ባለ ንብረቱን መጠየቅም አይከለከልም። ይህ መድን የሕሊና ጥያቄያችንንም በመጠኑ ያቀልልናል፤ ብዙ ጊዜ «ደሃውን ሹፌር አላስለቅስም» ተብሎ የሚተወው ገንዘብ፣ ባለ መኪኖች ሁሉ ለዚሁ ቀን ብለው አስቀድመው ካዋጡት የሚወጣ ነውና። ዕድር ከፍሎ ኀዘን ሲደርስበት ዕድሩን የማይጠይቅ ማን አለ? በፋብሪካ ሰርቪስ ሲጓዝ የተጎዳ ሠራተኛም፣ አሠሪው ለሠራተኞቹ ባቀረበው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበት ጉዳት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ ሥራ ላይ አደጋ እንደሚቆጠር ሊነገረው ይገባል።

ይህን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማስፈጸም ግን ሌላ። በዳር ከተማ የሚኖር ሰው ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለበት። ቡራዩ አድሮ አዲስ አበባ የተገጨ ሰው ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት የፍርድ ቤት ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ የአንደኛው ጠበቃ በሌላኛው ፍርድ ቤት የመቆም ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከሳሽ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ካለው ፍርድ ቤት መምረጥ ይችላል፤ ዳኝነት የሚከፍለው የሌለውም በደሃ ደንብ ክስ ለመመሥረት ይፈቀድለታል። ነገር ግን በክራንች የሚሄድ ሰው ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ታክሲ ለውጦ፣ የቀን ገቢውን ትቶ፣ ሰልፍ ቆሞ «ለሚቀጥለው ወር» ሲባል የምርጫው መብት ምን ይጠቅመዋል? በወንጀል የተከሰሰ ሹፌር አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ደንግጎለታል። ይህ ተገቢ ነው። የተገጨችው እናት ግን ለካሳ ክሷ እንዲህ ያለ ዋስትና አልተጻፈላትም። ለእርሷ ያለው የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍና የጠበቆች በጎ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከተጎጂዋ ወደ ጠበቃው ይዞራል። ቅዱስ ቶማስ ጠበቃ የድሆችን ጉዳይ የመያዝ ግዴታ አለበትን ብሎ በግልጥ ጠይቋል። መልሱ እንደ ምጽዋት ነው፤ አንድ ሰው ለዓለም ድሆች ሁሉ ምግብ የማቅረብ ግዴታ የለበትም፤ በፊቱ የወደቀውን፣ ሌላ የሚረዳው በቅርብ የማይገኝለትን ግን ማለፍ አይችልም። ጠበቃ ስለ ድካሙ መጠነኛ ዋጋ መቀበሉንም ቅዱስ ቶማስ አልከለከለም፤ ያለ ልክ መቀበሉን እንጂ። የጠበቆች ባልደረባ ሆኖ የሚከበረው ቅዱስ ኢቮ እ.ኤ.አ. በ1303 ያረፈ የብሪታኒ ካህንና ዳኛ ነበር፤ ሕዝቡ የድሆች ጠበቃ እያለ ያስታውሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1347ም ቅድስናው ታወጀ። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። በቁምስናችን ውስጥ ስንት የሕግ ባለሙያዎች በየሰንበቱ ቀድሰው እንደሚሄዱ ቆጥረን እናውቃለንን? ለመዘምራን ድምፅ መርጠናል፤ ለግንባታ ኮሚቴ መሐንዲስ ፈልገናል። በወር አንድ ቅዳሜ በቁምስና አዳራሽ ተቀምጦ ወረቀት የሚያነብልን ጠበቃ መጠየቅ ለምን እንደ ከበደን አይገባኝም።

ይህ ቦታ ባዶ ሲሆን የሚሞላው ደላላ ነው። በሐኪም ቤት ደጅ ተቀምጦ የተጎጂ ቤተሰብ የሚያጠምድ፣ «እኔ አስጨርሳለሁ» ብሎ ከካሳው ከፍ ያለውን ድርሻ አስቀድሞ የሚያስፈርም ሰው መኖሩ የታወቀ ነው። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ተጎጂውን ወደ ሌላ ኃጢአትም ይስባሉ፤ የሕክምና ቦርድ የጉዳት መቶኛውን ከፍ አድርጎ እንዲጽፍ ጉቦ ማቀበል፣ በመኪናው ውስጥ ያልነበረን ሰው ተሳፋሪ ነበር ማሰኘት፣ የድሮ ሕመምን በአዲሱ አደጋ ላይ መጫን። እዚህ ላይ መድን ድርጅት ሀብታም ነው የሚለው ምክንያት አይሠራም። ካሳ መመለስ ነው ካልን፣ ያልጠፋ ነገር አይመለስም፤ ያልጠፋውን የሚወስድ ሰው በተራው መላሽ ይሆናል። ተጎጂዎችን የምንረዳ ሁሉ ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጥ መናገር አለብን፤ በኋላ መናገር ያስቸግራል።

ስለ ምስክሮችም ጥቂት ልበል። በማለዳው ታክሲ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አደጋውን ሁሉም አይተዋል። ፖሊስ እስኪመጣ ግን አንድም አልቆየም፤ ሁሉም ወደ ሥራው ሌላ ታክሲ ተሳፍሯል። አልፈርድባቸውም፤ መመስከር ማለት ሦስትና አራት የሥራ ቀን ማጣት እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ለቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል፣ እውነቱን ይዞ ዝም ማለት በሌላው ላይ ምን እንደሚያደርስ እንድናስብም ያስተምረናል። ከወንበዴዎች እጅ የተረፈውን ሰው አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ማንንም አልደበደቡም ነበር። ቢያንስ ስምና ስልክ ቁጥር ለተጎጂው ሰው ወይም ለአጠገቡ ለቆመው ሰው ትቶ መሄድ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሰሌዳ ቁጥሩን መመዝገብም እንዲሁ። ዕድሮቻችን ለቀብር የሚሄደውን አባል ከሥራ እንዲያስፈቅዱ እንደሚለምዱት፣ ለምስክርነት የሚሄደውን የትራንስፖርት ገንዘብ ቢደግፉት ከዓላማቸው የወጡ አይመስለኝም።

ሹፌሩንም አንርሳው። ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ የሚነዳ፣ የባለ ንብረቱን የቀን ገቢ ሳይሞላ ወደ ቤቱ የማይገባ ወጣት ነው፤ የሚያፈጥነውም ይኸው ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290 በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥልን ሰው ከባድ በደል እንደሚፈጽም ይገልጣል፤ ፍጥነቱን በቀን ገቢ ያዘዘው ባለ ንብረትም ከዚህ የሚያመልጥ አይመስለኝም። እንዲህም ሆኖ ሹፌሩ በሌሊት የሚያስጨንቀው ነገር አለ፤ ከሕግ ቅጣቱ ሌላ የዚያች ሴት ይቅርታ ያስፈልገዋል። የቅድስት መንበር የስደተኞችና የመንገደኞች ሐዋርያዊ አገልግሎት ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ መንገድ ባወጣው መመሪያ ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ምክሮች ሰጥቶ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ አጥፊውና ተጎጂው ተገናኝተው ነጻ የሚያወጣውን ይቅርታ እንዲቀምሱ የሚያሳስብ ነው፤ ነገር ግን በተገቢው ጊዜ ይላል። ይህችን ቃል የጨመረ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ ያውቃል።

ካሳ መጠየቅ ሹፌሩን ማስበቀል እንዳይመስለን ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ፤ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከልብ ተጸጽቶ የተጎዳውን የረዳና ጉዳቱን በተቻለው የካሰ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። እውነተኛው ካሳ ስለዚህ ለእርሱም ይጠቅመዋል፤ ከባዶ የእርቅ ወረቀት ይልቅ ይጠቅመዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። መኪናው መድን የሌለው፣ ባለ ንብረቱም ከዚያች አሮጌ ሚኒባስ በቀር ምንም የሌለው ሰው ቢሆንስ? ተጎጂዋ መብቷን እስከ መጨረሻው ብትከተል ሌላ ቤተሰብ ይፈርሳል። እዚህ ላይ ሕግ የማያዝዘው ቸርነት ቦታ አለው፤ ከሚገባት ላይ መቀነስ፣ ጊዜ መስጠት፣ እንዲያውም መተው ትችላለች። ብቻ የተወችው ስንት እንደ ሆነ አውቃ፣ ከራሷ ድርሻ ላይ፣ ማንም ሳያስቸኩላት ይሁን። የልጆቹን ድርሻ ለይታ ታስቀር። ወረቀቱም ሁለት ይሁን፤ አንደኛው ስለ ይቅርታው፣ ሁለተኛው ስለ ገንዘቡ። ሁለተኛውን የሕግ ባለሙያ ሳያነበው ማንም ጣቱን ቀለም ውስጥ አያስገባ። ሽማግሌዎች በሦስተኛው ቀን ቢመጡ በአክብሮት ተቀብሎ፣ የሕክምና ቦርዱ ማስረጃ የሚሰጥበትን ቀን ነግሮ፣ ቀጠሮውን ከዚያ በኋላ ማድረግ ይቻላል። የእርቁም ቡና የዚያን ቀን ይፈላል።